«ላዩን ቀባው» ላሉኝ

«አሮጌውን ግራውት መፋቅ ምን ያደርግልሃል? አዲሱን ላዩ ላይ ቀባና ተገላገል!»

ከሥራው ትገላገላለህ፤ ከስንጥቁ አትገላገልም።

ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የገዛ፣ አሌክሳንድሪያ ኮንዶ ያለው፣ መታጠቢያ ቤቱ የጠቆረበት ወገን ሁሉ ይችን ምክር ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላታል። እኔ ዘንድ ስትደርስ ግን አላሳልፋትም። ታይልና ታይል መሀል የተሞላው ነገር፣ ግራውቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶ፣ ደቃቅ አሸዋና ቀለም ነው። አዲስ ግራውት የሚቆመው የሁለቱን ታይሎች ጎን ግራና ቀኝ ይዞ ነው። አሮጌው እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ የምትቀባው ግን የሚጨብጠው ጎን የለውም፤ ውሃና ሳሙና ሲመላለስበት ተልጦ ይወድቃል። የተለመደው መለኪያ ከታይሉ ውፍረት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ወደ ውስጥ ማጽዳት ነው። ታይሉ 8 ሚሊሜትር ከሆነ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ትገባለህ ማለት ነው።

«ጥልቀቱን ማን ያየዋል?»

ውሃው ያየዋል።

«በየዓመቱ እንሞላዋለን፣ በየዓመቱ ይሰነጠቃል፤ ይሄ ቤት ሳይረገም አልቀረም።»

እርግማን ሳይሆን እንቅስቃሴ ነው፣ እትዬ። ታይሉን በሳንቲም ያንኳኩት። ድምፁ ባዶ ከሆነ ታይሉ ከግድግዳው ለቋል፤ ሲጫኑት ግድግዳው ልስልስ ካለ ደግሞ ከኋላው ያለው ድራይዎል በስብሷል። እዚህ ላይ ግራውት መፋቅም መሙላትም ዋጋ የለውም። ታይሉ ይነሳል፣ ግድግዳው ይታደሳል። የሲሚንቶ ግራውት ራሱ ውሃ ያሳልፋል፤ ውሃውን የሚያቆመው ከታይሉ በስተጀርባ ያለው መከላከያ ነው። ያ ከሌለ ከላይ የሚደረድሩት ሁሉ የጎረቤትዎን ጣሪያ አያድነውም።

«ማሽን እያለ በእጅ መጋዝ የምትታገለው ለምንድነው?»

ታይልህን ስለምወድልህ ነው።

የቤትህን ዕድሜ ጠይቅ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ውስጥ በብዛት ከተሠሩት የጡብ ቤቶች አንዱን ከገዛህ፣ መታጠቢያ ቤቱ ገና የዚያን ዘመን ታይል ይዞ ሊሆን ይችላል። በ1950ዎቹ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባለቤት ማሚ ሮዝ ቀለም ትወድ ነበርና፣ አሜሪካ ውስጥ ስንቱ መታጠቢያ ቤት ሮዝ ሆኖ ቀረ! የዚያ ዘመን የግድግዳ ታይል አራት ኢንች ከሩብ በአራት ኢንች ከሩብ ነው። ጠርዙ ላይ ትንንሽ ጉጦች ስላሉት ሲደረደር ራሱን በራሱ ያራርቃል፤ በመካከሉ የሚቀረው ክፍተት ታዲያ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የማሽኑን፣ የመልቲቱሉን፣ ምላጭ እዚያ ውስጥ ስትከተው ከግራውቱ ይልቅ የታይሉን ጠርዝ ይበላል። የተበላ ጠርዝ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም፤ ያንን ሮዝ ታይልም ዛሬ ሱቅ ሄደህ በቀላሉ አታገኘውም።

ስለዚህ ለጠባቡ ክፍተት የእጅ መጋዝ፣ ስለታም ቢላና ትዕግሥት። የእጅ መጋዙ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትበላው አንድ ክትፎ ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ወለል ላይ፣ ክፍተቱ ከ3 ሚሊሜትር በሚሰፋበት ቦታ፣ ማሽኑን አንሳ፤ አልከለከልኩህም። የካርባይድ ወይም የአልማዝ ምላጭ ግጠምለት፣ መሀል መሀሉን ሂድ፣ ጠርዝ ጠርዙን ለእጅህ ተውለት። ባለባትሪው ከባለገመዱ ይሻላል፤ ውሃ ባለበት ክፍል ገመድ መጎተት ጥሩ አይደለም።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የታይሉ ልባጥ እርሳስ፣ ታይሉ የተለጠፈበት አሮጌ ማጣበቂያ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። 1978 አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን እርሳስ ያለበትን ቀለም ያገደችበት ዓመት ነው። ታይሉን መስበር ወይም መፍጨት ከመጀመርህ በፊት ናሙና ለላቦራቶሪ ስጥ። በተለይ ልጅ የሚድህበት ቤት ከሆነ።

«አገር ቤት ስንት አቧራ ቅመን አድገን! የግራውት አቧራ ምን ያደርገናል?»

ያኛውን አስነጥሰህ አውጥተኸዋል። ይሄኛው ገብቶ አይወጣም።

አሸዋ ውስጥ ሲሊካ አለ። ግራውቱ ሲፈጭ የሲሊካው ብናኝ በዓይን ከማይታይ መጠን ይደርሳል። ከባዱ አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ደቃቁ ግን እስከ ሳንባው ጥግ ይዘልቅና ጠባሳ ይተዋል። ያ ጠባሳ ሲበዛ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ ይሆናል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል፤ ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል። ከእኛ መካከል ቲቢን ሳያውቁት በሰውነታቸው ይዘው የሚኖሩ ሰዎች አሉና፣ ይሄ የመጨረሻው ነገር እኛን ከማንም በላይ ሊያሳስበን ይገባል።

«አሁን ለአቧራ ይሄ ሁሉ ወሬ?»

ወሬ አይደለም፤ መቃብር አለው። ከዚህ በመኪና አንድ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ጎሊ ብሪጅ አጠገብ ሆክስ ኔስት የሚባል ቦታ አለ። በ1930ና በ1931 ወንዙን ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ለመጥለፍ ተራራውን በስተውስጥ ቦረቦሩት። ዓለቱ በሲሊካ የተሞላ ነበር፤ ውሃ ሳይረጩ በደረቁ ቆፈሩት። ቆፋሪዎቹ በአብዛኛው ከደቡብ ግዛቶች እንጀራ ፍለጋ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። ማስክ አልተሰጣቸውም። በመቶዎች የሚቆጠሩት ሞቱ። ጉዳዩ በ1936 እዚሁ ዋሽንግተን ኮንግረስ ፊት ቀረበ፤ በዚያው ዓመት የሠራተኛ ሚኒስትሯ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ስለ ሲሊኮሲስ አገር አቀፍ ጉባኤ ጠራች። ስሟ ካፒቶል አጠገብ ባለው የሠራተኛ ሚኒስቴር ሕንፃ ላይ ተጽፎ አለ፤ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ሁሉ በአጠገቡ ታልፋላችሁ። የዚያ ሚኒስቴር የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ በ2016 ያወጣው ደንብ አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ውስጥ በአማካይ ሊተነፍሰው የሚፈቀደውን የሲሊካ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ላይ ወሰነው። አንድ ግራም ሚሊዮን ማይክሮግራም ነው። ሃምሳውን ከዚያ ላይ አስቡት።

«ደንቡ ለኩባንያ ነው። እኔ በገዛ ቤቴ ነኝ።»

ደንቡ አይደርስብህም፤ አቧራው ግን ይደርስብሃል።

እውነቱን እንነጋገር። አንድ ቅዳሜ የራሱን ሻወር የፋቀ ሰው በዚያ ብቻ ሲሊኮሲስ ይይዘዋል ብዬ አላስፈራራም። በሽታው በአብዛኛው የሚመጣው ለዓመታት ሲተነፍሱት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ለዓመታት የሚተነፍሰው ሰው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፦ ቀን ቀን ሰው ቤት ታይል የሚያነሳው፣ ማታ ማታ የሚነዳው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላችሁ ቆሞ የሚያስለው ወንድማችን። ሰኞ ፎልስ ቸርች፣ ማክሰኞ ዊተን፣ ረቡዕ አሌክሳንድሪያ ጠባብ ሻወር ውስጥ ተንበርክኮ፣ መስኮት በሌለበት፣ ማሽኑን ፊቱ አጠገብ ይዞ ይፈጫል። ላዩን ቀባው የምትለው ለእሱ ነው። ቶሎ ጨርስ የምትለው ለእሱ ነው።

«እንግዲህ ሀበሻ ነን፣ ቀንስልኝ እንጂ!»

ሀበሻ ከሆንክ ለሀበሻ ሳንባ ጨምርለት።

ምክንያቱም አንተ ስታስቀንሰው የሚቀነሰው ትርፉ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚቀነሰው በሩ ላይ የሚለጠፈው ፕላስቲክ ነው። ቀጥሎ ውሃ እየረጩ በቀስታ መሥራት ይቀነሳል። ቀጥሎ ባለ ሄፓ ማጣሪያው ቫኪዩም እቤት ይቀራል። በመጨረሻ ማስኩ ኪስ ይገባል፤ ማስክ አድርጎ መሥራት ያደክማልና፣ የሚደክም ሰው ይዘገያል፣ የዘገየ ሰው ደግሞ በአንተ ዋጋ አያዋጣውም። ከባለሙያው ጋር ስትዋዋል ጠይቀው፦ «አቧራውን እንዴት ነው የምትይዘው?» ብለህ። ለዚያ የሚያስከፍልህን ሳታጉረመርም ክፈል። ሲሠራ ማስክ ከሌለው ሥራውን አስቁምና ከመኪናህ አውጥተህ ስጠው። ይሄን ያህል አይከብድም፤ ሠርግ ላይ በአንድ ዘፈን ግንባር ላይ የምንለጥፈው ብር ስንት ማስክ እንደሚገዛ እናውቃለን።

«ማስክማ አለኝ፣ ከኮቪድ የተረፈ ሰማያዊው!»

እሱ ለሲሊካ ወንፊት ነው። ኤን95 ወይም ከዚያ የተሻለውን ፒ100 አድርግ።

«ጺሜን ለማስክ ብዬ አልላጭም።»

ጺምህ ያምራል፤ ግን በጺምና በማስኩ መሀል አቧራው መንገድ ያገኛል። ካልተላጨህ ለዛሬ ጺም ለሌለው ሰው ሥራውን ልቀቅለት።

«ጨርሼ በመጥረጊያ ጠርጌ አወጣዋለሁ።»

በደረቁ ስትጠርገው ወለሉን ታጸዳለህ፣ አየሩን ታቆሽሻለህ። ተራ ቫኪዩምም ደቃቁን ከኋላው መልሶ ይተፋዋል። ባለ ሄፓ ማጣሪያውን ተከራይም ተዋስም፤ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ አንሳው። ከመጀመርህ በፊት የማሞቂያውንና የማቀዝቀዣውን አየር ማስገቢያና ማስወጫ በፕላስቲክ ሸፍን፤ አለዚያ አቧራው ሳሎን ሄዶ ከሶፋው ጋር ይኖራል። ልብስህን እዚያው አውልቅ። ልጅህ ከትምህርት ቤት መጥታ አንገትህ ላይ ከመጠምጠሟ በፊት ታጠብ።

«እኔስ ምንም አልፍቅ፣ በረኪና አለኝ!» ይላሉ ደግሞ እትዬ።

በረኪና ሻጋታውን ያነጣል፤ የተሰነጠቀውን ግን አይገጥምም፣ የጎደለውን አይሞላም። ኩሽና ወለል ላይ የወጥ ዘይትና የእርድ ቀለም የጠጣውን ግራውት ስንቴ ቢያነጡት ከሥሩ እየወጣ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ግን፣ እትዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፦ በረኪናውን ከኮምጣጤ ጋር አይደባልቁ፣ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃም ጋር አይደባልቁ። ከኮምጣጤ ጋር የክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር ክሎራሚን ይወጣል፤ ሁለቱም ሳንባ ያቃጥላሉ። በሩ ተዘግቶ፣ ጉልበት መሬት ላይ ሆኖ፣ አፍንጫ ከወለሉ አንድ ክንድ ርቆ! ኮምጣጤ ብቻውንም ቢሆን የሲሚንቶ ግራውትን ይበላል፣ እብነበረድንም ያበላሻል።

«የማሠራው የራሳችንን ሰው ነው፤ ፈቃድ ምን ያደርጋል?»

የራሳችን ሰው ነውና ፈቃድ ይኑረው።

ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ቤት የሚያድስ ሰው ከግዛቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቅድሚያ ክፍያም ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ሕጉ ከልክሏል። ፈቃድ ያለው ሰው ሥራውን ቢያበላሽብህ ኮሚሽኑ የዋስትና ፈንድ አለው፤ ከ2022 ሐምሌ ወዲህ እስከ 30,000 ዶላር ሊክስ ይችላል። ፈቃድ ለሌለው ሰው የከፈልከውን ግን ፈንዱ አያውቀውም። ቨርጂኒያም ከ1,000 ዶላር በላይ ለሆነ ሥራ የሥራ ተቋራጭ ፈቃድ ትጠይቃለች። ወንድሜን ፈቃድ አውጣ ስለው «እንግሊዝኛው ይከብዳል» ይለኛል። ታይል በቀጥታ መስመር ያሰለፈ እጅ ፎርም መሙላት አያቅተውም፤ ካቃተህ እኛ አለን፣ አብረንህ እንቀመጣለን። ፈቃድ ያለው ሰው በዋጋ ሲከራከር ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ ለማስኩም ለጊዜውም በልበ ሙሉነት ያስከፍላል።

«እኔ ተከራይ ነኝ። መጋዝ ገዝቼ ልጀምር?»

መጋዙን መልሰው፣ ደብዳቤ ጻፍ።

አሌክሳንድሪያ ሴሚናሪ ሮድ ላይ ያሉት የሰዘርን ታወርስ አምስት ፎቆች በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ናቸው፤ ስንቱ ኢትዮጵያዊ አሜሪካ ሲደርስ የመጀመሪያ አልጋውን እዚያ ዘረጋ! በዚያ ዕድሜ ያለ ሕንፃ ውስጥ በኪራይ የሚኖር ሰው ግድግዳ መፋቅ የለበትም፤ ታይሉም፣ ከጀርባው ያለው ነገርም የአከራዩ ነው፣ የማደስ ግዴታውም የእሱ ነው። በጽሑፍ አሳውቅ፣ ፎቶ አያይዝ፣ ቀኑን ጻፍ። ካልሠራልህ በሞንትጎመሪ ካውንቲ 311 ደውልና የቤቶች ቁጥጥር ጠይቅ፤ አሌክሳንድሪያም 311 አላት። በስልኩ ላይ «አማርኛ» ብለህ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ መብትህ ነው።

«የኮንዶ ባለቤት ነኝ፣ ከሥራ የምገባው ማታ ነው። ማታ ልፋቀው?»

የታችኛው ሰውዬም ከሥራ የሚገባው ማታ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የማታው የጸጥታ ሰዓት በሥራ ቀናት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ኮንዶህ ከዚያ የጠበቀ ደንብ ሊኖረው ይችላልና አስተዳደሩን ጠይቅ። የእጅ መጋዝ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ስመርጠው ይህንንም ቆጥሬለት ነው።

«ባኞውና ግድግዳው የሚገናኙበትንም በግራውት ልሙላው?»

አትሙላው። ባኞው ውሃ ሲሞላ ዝቅ ይላል፣ ሲፈስ ከፍ ይላል፤ ሲሚንቶ ይሄን አይችልም፣ ይሰነጠቃል። እዚያ፣ እንዲሁም ግድግዳና ግድግዳ በሚገናኙበት ማዕዘን፣ ሲሊኮን ይገባል። አሮጌውን ሲሊኮን ሙልጭ አድርገህ አንሳው፤ ሲሊኮን በሲሊኮን ላይ አይጣበቅም። ባኞውን ውሃ ሞልተህ ከዚያ ቀባው፤ ሲደርቅ ውሃውን ልቀቅ።

«ግራውቱ ወፈረብኝ፣ ውሃ ልጨምርበት?»

ከረጢቱ ላይ ከተጻፈው በላይ ጠብታ እንዳትጨምር። ውሃ የበዛበት ግራውት ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ቀለሙ ይዘበራረቃል፣ ከጣት በታች ይፈረፈራል። አገር ቤት ነጭ ሲሚንቶ በጥብጠን በዓይን መጥነን እንሞላ ነበርና እጃችን ለምዶታል፤ ይሄኛው በመለኪያ ነው። ክፍተቱ ከ3 ሚሊሜትር ካነሰ አሸዋ የሌለውን፣ ከዚያ ከሰፋ አሸዋ ያለውን ግዛ። ከመሙላትህ በፊት ክፍተቱን ከአቧራ አጽዳ፤ ያ ሁሉ ድካም በብናኝ ምክንያት እንዳይለቅብህ።

«ጨረስን! ዛሬ ማታ ሻወር እንግባ?»

አትገቡም። በአብዛኛው የሲሚንቶ ግራውት በማግሥቱ ያስረግጣል፤ ውሃ እንዲያገኘው ግን ሦስት ቀን ያህል ይፈልጋል፣ ከረጢቱ የሚለውን አንብብ። ልጆቹን ይዘህ እህትህ ጋ ሂድና ታጠቡ።

«እህቴ ቤትም እኮ ግራውቱ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል።»

እንግዲያው መጋዙን ይዘህ ሂድ። ማስኩን እንዳትረሳ።